በጨነቅ ጨርሱ እንጂ ከጨነቅ አትነሡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ልጆችን ይዞ ስሜን ተራሮችን በእግር ስለ መጎብኘት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ቡናዬን ሳልጨርስ ብዕር አነሣሁ። ጸሐፊው ቤተሰቡ ጠዋት ከጎንደር በመኪና ተነሥቶ በቀጥታ ተራሮቹ ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ ይግባ፣ እዚያው ድንኳን ተክሎ ይደር፣ የእግር ጉዞውንም በማግስቱ ከዚያው ይጀምር ይላሉ። ምክንያታቸው ዋልያ ጨነቅ ላይ በቅርብ ስለሚታይ ነው። ስለ ዋልያው ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ዓይነት የደረሰ ልጅ ዋልያ የሚያይበት ዓይን አይኖረውም።

ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በቁጥር ልናገር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ቁርስ ከበላችሁበት ቦታ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍ ብላችሁ ልትተኙ ነው። ስለ ከፍታ ሕመም የሚያጠኑ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የምትተኙበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ ይላሉ። እኔ ራሴ በ1998 ዓ.ም. ለሥራ ሄጄ፣ ጎረምሳ ነኝ ብዬ፣ በአንድ ቀን ጨነቅ ገብቼ ነበር። ሌሊቱን ራሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀምጬ አነጋሁ። ትንሽ ልጅ ደግሞ እንዲህ ሲሆን አመመኝ አይልም። ያኮርፋል፣ እንጀራውን ይገፋል፣ ወላጆቹም ዛሬ ምን ሆኖ ነው ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ ያስመልሰዋል።

በጥር 2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ላይ አክብረን ወደ ስሜን የወጣነው ስምንት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ ከሜሪላንድ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ከነባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር። ከልጆቹ ትልቋ የእኔ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ የወንድሜ ልጅ ሰባት። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ አደርን። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ናትና ለሳንባ ጥሩ መለማመጃ ናት፤ ደግሞም የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ የመግቢያው ክፍያ፣ ስካውቱም (አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) በቅሎውም የሚያልቁት እዚያው ነው።

ማታ ሆቴሉ ውስጥ ካርታዬን ዘርግቼ አራት ማዕዘኑን በሻይ ብርጭቆ አስያዝኩት። ክርክሩም ተጀመረ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ከጨነቅ እንነሣ አለ። እኔ ከዚሁ ከደባርቅ በድሮው የበቅሎ መንገድ በእግር እንውጣ አልኩ። አሁን ሳስበው ከልጆቹ ይልቅ ካርታዬን ለማስደሰት ነበር፤ ደባርቅና የሳንቃ በር ካምፕ በመኪናው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉና። ባለቤቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ትንሹ ልጅ ሳያለቅስ ስንት ሰዓት ይሄዳል?» ወንድሜ ሦስት ሰዓት አለ። በዚያው አለቀ። በመኪና ቡይት ራስ ድረስ፣ ከዚያ በገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር እስከ ሳንቃ በር። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደባርቅ መኝታችን አራት መቶ ሜትር ብቻ ከፍ አልን ማለት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹንም የመጀመሪያው ቀን ላይ አገኘናቸው። ልጆቹ መንጋው መሐል ቁጭ ብለው ሣር ሲነጭ ሲያዩ ድካም የሚባል ነገር ረሱ።

በቅሎዎቹን የሚነዱልን አዛውንት፣ ልጆቹ አያ ይሏቸው ነበር፣ ካርታዬን አንድ ጊዜ አይተው መለሱልኝ። እሳቸው ርቀትን በኪሎ ሜትር አያውቁም። «ጅንባር ላይ ምሳ፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ግጭ» አሉ፤ በማግስቱ የሆነውም ቃል በቃል እንዲሁ ነው። ከሳንቃ በር ተነሥቶ ግጭ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ጅንባር ወንዝ መውረድ፣ ተሻግሮ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። ለአዋቂ አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጀው እኛን ሰባት ሰዓት ፈጀብን። ወንዙ ዳር በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ልጆቹ እግራቸውን ነከሩ፣ ትንሹ ዳገቱን በበቅሎ ወጣው። በካርታ ላይ ይህ ቀን የአንድ ጣት ርዝመት ነው።

አሁን ወደ አቋራጩ ልምጣ። ጽሑፋችሁ «ደፋር ቤተሰብ ከመንገዱ ወጣ ብሎ በራሱ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል» ይላል። እኛም ደፋር ነበርን።

ግጭ የነበረው መንደር በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ ባዶ ሜዳ ሆኗል። ሰዎቹ ሄዱ እንጂ የእግር መንገዳቸው ወዲያው አልጠፋም። ወደ ምንጭ የሚወርድ፣ ወደ እርሻ የሚሄድ፣ ከብት ያበጀው፣ ሁሉም እየተጣመረ እየተለያየ ጓሳው ውስጥ ይሄዳል። ድሮ ቢሆን እረኛ ልጅ ጠይቆ መለየት ይቻል ነበር። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ መንገዱ ግን ዛሬም ሰው የሚያደርስ ይመስላል።

እሜት ጎጎ ከሚባለው ጫፍ (3,926 ሜትር) ደርሰን ስንመለስ ትንሹ ልጅ ደከመው። ስካውቱ ባለቤቴንና ትንንሾቹን ይዘው በመጣንበት መንገድ ቀስ እያሉ ቀሩ። እኔ፣ ወንድሜና ልጄ ደግሞ ቀድመን ደርሰን ሻይ እናፍላ ብለን ፈጠን አልን። ቡድኑን ለሁለት መክፈላችን የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቆላው ገደሉን ይዞ መውጣት ጀመረ። ወንድሜ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ የሚገነጠል፣ በደንብ የተረገጠ፣ አንድ ክንድ የሚሰፋ መንገድ አሳየኝ። ስልኩ ካምፑ በዚያ በኩል ይቀርባል ይላል። እኔም ካርታዬን አይቼ ተስማማሁ። ቀያሹ እኔ ነኝ! የ20 ሜትር ኮንቱር (የእኩል ከፍታ መስመር) ባለው ካርታ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል የ15 ሜትር ገደል ተኝቶ ሊያድር እንደሚችል ለስንት ተለማማጅ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ልጄ ቆመች። «አባዬ፣ ይኼ የሰው መንገድ አይደለም» አለች። ጎንበስ ብላ ታሳየኛለች፤ ሣሩ ከሥሩ በጣት ተቆፍሮ ተነቅሏል፣ አፈሩ በትናንሽ ጉድጓድ ተበሳስቷል፣ እበት ሳይሆን የጭላዳ ኩስ በየቦታው ተበትኗል። የከብት ኮቴም የጫማ ዱካም አንድ እንኳ የለም። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ሜዳው ላይ ይግጣል፣ ማታ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወርዳል። እኛ የጭላዳን የማታ መንገድ ይዘን ወደ መኝታው እየሄድን ነበር። ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ አየሁት፤ ከፊታችን ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ጓሳው ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አንድም ቃል ሳንነጋገር በረገጥንበት ተመለስን።

ማታ ይህን ለአያ ስነግራቸው አልሳቁም። «በቅሎ የማትሄድበት የልጅ መንገድ አይደለም» ብለው ጭነታቸውን መፍታት ቀጠሉ።

ይህን ስል ልጆችን ከመንገድ አታውጡ ማለቴ አይደለም፤ ከጉዞው ሁሉ ያማረው ሰዓት መንገድ የለቀቅንበት ነበር። ወደ እሜት ጎጎ በሄድንበት ዕለት ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ስካውቱ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ከግጭ ካምፕ በላይ ያለውን ሜዳ በጅባራዎቹ መካከል እንዳሻን አቋርጠን ወጣን። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ጓሳው ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል። ልጆቹ ከእነሱ ሁለት እጥፍ የሚረዝም ጅባራ እየመረጡ ስም ያወጡለት ነበር። እንዲህ ያለው ሜዳ ግን ገደሉ ከየት እንዳለ የሚታይበት፣ ካምፑም ዘወር ሲሉ ከኋላ የሚታይበት ነው። ሰዓቱም ገና ረፋድ ነበር። ጉም ከመጣ፣ ወይም ስካውቱ አጠገብ ከሌሉ፣ ያው ሜዳ ሌላ ቦታ ነው።

ከግጭ ወደ ጨነቅ በእናትዬ (4,070 ሜትር) በኩል የሚሄደው መንገድ ውበቱ አይነገርም ይባላል፤ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ተውነው። ይቆጨኛል፣ ግን ተውነው። ወደ አምባራስ ወርደን የመኪናውን መንገድ አገኘን፤ ቀድመን የቀጠርነው ሾፌር ጠብቆ ጨነቅ አደረሰን። በአምስተኛው ሌሊት ጨነቅ ስንተኛ ራሱን ያመመው ሰው አልነበረም። ጠዋት ትንሹ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ከድንኳን ወጥቶ ገደሉ ላይ ሁለት ወንድ ዋልያ ያየው ራሱ ነው። እስካሁን እኔ ነኝ ያየኋቸው ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ስለ ማብሰያ አንዳች አይልም። በዚያው ዓመት ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ፓርኩ ሲቃጠል፣ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አጥፊ ባለሙያዎች ሲመጡ፣ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ የረገጡትን ጓሳ ለይተው አውቀው አለቀሱ። እዚያ አገር እንጨት አይለቀምም፣ እሳት አይነደድም፤ ቡታጋዝ ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ይዞ መሄድ ነው። ዛሬ ደግሞ ከምንም በፊት የመንገዱን ሰላም ደውሎ ማጣራት ግድ መሆኑን ለአገራችን አንባቢ መንገር አያሻም።

ወንድሜ ለሚመጣው ጥምቀት እንደገና ልምጣ ብሎኛል፤ ነገሩ ከተረጋጋ። ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ቧሂት ተራራን ካልወጣሁ ትላለች። የጽሑፋችሁን ገጽ ቀድጄ ካርታዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የመኝታ ቦታዎቹ ዝርዝር ጥሩ ስለሆነ። በእርሳስ የሠረዝኩት ከጨነቅ ጀምሩ የሚለውን አንድ መስመር ብቻ ነው። በሚቀጥለው እትም ያንኑ መስመር ብታርሙልን ደስ ይለኛል።

የቀድሞ ቀያሽ፣
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ