አዲሱ ፎቶሾፕ ሲጫን አሮጌው አይጥፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባሉ ፎቶ ቤቶች ደጋግሞ የሚደርስ አንድ ጉዳት አለ። በቀላሉ ሊቀር የሚችል በመሆኑ ለአንባቢዎቻችሁ እንዲደርስ ይህን ጽፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ቴክኒሺያን ይጠራል፣ ሲ ድራይቭ ፎርማት ይደረጋል፣ የፎቶሾፕ «የመጨረሻው ቨርዥን» ይጫናል። በማግስቱ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የጥሪ ካርዱ አማርኛ ወደ ላቲን ምልክት ተቀይሮ ይገኛል፤ የጉርድ ፎቶው አክሽን (ተቀርጾ በአንድ ጠቅታ የሚደገም የሥራ ቅደም ተከተል) የለም፤ ደንበኞች ገና ያልተረከቡት ሠርግ የላይትሩም ካታሎግም (የፎቶዎቹ ዝርዝርና ማስተካከያ የተመዘገበበት ፋይል) አይከፈትም። ጥፋቱ የአዲሱ ሶፍትዌር አይደለም። አሮጌው በቦታው እያለ መታየት የነበረበት ነገር አሮጌው ከጠፋ በኋላ መታየቱ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ማሳደግ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ አንዴ ተገዝቶ የሚያገለግል የመጨረሻው ቨርዥን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠሪው ኩባንያ አዶቢ ወደ ኪራይ ዞሯል። ጉርድ ፎቶ ለመቁረጥ፣ ጀርባ ነጭ ለማድረግና ጄፔግ ለማስተካከል ሲኤስ 6 ዛሬም ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ለውጥ የሚያስገድደው ካሜራው ነው። ሮው የሚባለውን ያልተቀነባበረ የካሜራ ፋይል የሚከፍተው፣ ለሲኤስ 6 የወጣው የመጨረሻ ካሜራ ሮው 9.1.1 ስለሆነ፣ ካኖን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያመጣውን ሲአር 3 የተባለ ሮው ፋይል አያውቀውም። ለዚህ ብቻ ብሎ ሁሉንም መቀየር ግን ግድ አይደለም። አዶቢ በነፃ የሚሰጠው ዲኤንጂ ኮንቨርተር ሮው ፋይሉን ወደ ዲኤንጂ፣ ማለትም አዶቢ ወዳወጣው የጋራ የሮው ዓይነት፣ ይለውጠዋል፤ በፕሪፈረንሱ ውስጥ ተኳሃኝነቱን «ካሜራ ሮው 7.1 እና ከዚያ በኋላ» በሚለው ላይ ካደረጋችሁት ሲኤስ 6 ይከፍተዋል። አዲሱ ኮንቨርተር ዊንዶውስ 7 ላይ ስለማይጫን፣ ፎቶውን ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ሌላ ኮምፒውተር ቀይሮ ማምጣት ይቻላል።

ማሳደግ የግድ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ይታይ። 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፎቶሾፕ የ2018ቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 64 ቢት ይፈልጋሉ፤ የአሁኖቹ ደግሞ ቢያንስ ኤስኤስኢ 4.2 የሚባለውን ትእዛዝ የሚችል ፕሮሰሰር ይጠይቃሉ። ኮር ቱ ዱዎ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ራም ቢጨመርለትም አይሆንም። ራም 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ በእርጋታ ለመሥራት 16 ያስፈልጋል። ግራፊክስ ካርዱ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚችልና ቢያንስ 1.5 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው መሆን አለበት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አዲስ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህንንም ያስብበት። ብዙ ጊዜ «ፎቶሾፕ ከበደው» የሚባለው ኮምፒውተር ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ነው። ዊንዶውሱንና ሶፍትዌሩን ፈጣን ወደሆነው ኤስኤስዲ ዲስክ ማዛወርና ለስክራች ዲስክ (ፎቶሾፕ ሲሠራ ለጊዜው ለሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) በቂ ባዶ ቦታ መተው፣ ቨርዥን ሳይነካ ፍጥነቱን ይመልሰዋል። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ሞልቶ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሶፍትዌሩን ነቅሎ መጫን መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ ፎንቱ እመጣለሁ፤ በአማርኛ የሚሠራ ሰው ላይ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ብዙ ማተሚያ ቤት ውስጥም እስካሁን ያሉት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የላቲንን ኮድ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ዓይን «ሀ» ቢያይም ኮምፒውተሩ የያዘው የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉም አብሮ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የፎንት ፋይሎቹ ይገልበጡ፤ ሲገለበጡም ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ፎንትስ የሚባለው ነው። ሁለተኛውን ብዙዎች አያውቁትም፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ፎንትን ዝም ብሎ ደብል ክሊክ አድርጎ የጫነ ሰው ፎንቱ የሚቀመጥለት በራሱ ዩዘር ውስጥ፣ በአፕዳታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ሥር ነው። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ በፎርማት ጊዜ ይረሳል። መልሳችሁ ስትጭኑ በቀኝ ክሊክ «ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን» የሚለውን ምረጡ።

ኒያላ ፎንት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ 7 ላይ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተለይቶ ወጥቷል። በሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ገብቶ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጨመር ነው፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ይህን ያላደረገ ኮምፒውተር በኒያላ የተጻፈን የቆየ ካርድ ሲከፍት ፎንቱ እንደጎደለ ይናገራል። ያን ጊዜ ቸኩሎ «ተካ» የሚለውን መጫን ስህተት ነው። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፤ የሙሽሮቹ ስም ከፍሬሙ ይወጣል። እንዲሁም አዲስ ፎቶሾፕ የቆየ ፋይል ሲከፍት የጽሑፍ ሌየሮችን (ተደራራቢ የሥራ ንብርብሮችን) ላድስ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳታድሱ ክፈቱት፤ ቅጂ አውጡ፤ በቅጂው ላይ አድሳችሁ ከድሮው ህትመት ጋር አስተያዩት። ከእንግዲህ የማይለወጥ ርእስ ወይም የፎቶ ቤቱ ስም ከሆነ በቅጂው ላይ «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» ማድረግ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ሥዕል ቅርጽ መቀየር፣ ከፎንት ጥገኝነት ያላቅቃል፤ ጽሑፉ የሚታረመው ግን በዋናው ፋይል ብቻ ይሆናል።

አክሽን ሲቀመጥ ፎልደሩን እንጂ በውስጡ ያለውን አንዱን አክሽን መምረጥ አይሠራም፤ «ሴቭ አክሽንስ» የሚለው ደብዝዞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ብሩሾችና ሌሎች ፕሪሴቶችም (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ምርጫዎች) ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይውጡ። አክሽኑ ተመልሶ ከገባ በኋላ ፎቶውን ማስቀመጥ ካቃተው፣ ሲቀረጽ የያዘው የድሮ ዩዘር ፎልደር አድራሻ መሆኑን እወቁ፤ የማስቀመጫውን ደረጃ ብቻ እንደገና መቅረጽ ነው።

በኪራይ ለምትጠቀሙ፣ በአዶቢ ሶፍትዌር መጫኛ በክሪኤቲቭ ክላውድ በኩል አዲሱ ሲጫን አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ሁለት ሳጥኖች አሉ። የድሮውን ሴቲንግ አምጣ የሚለው ምልክት ይኑርበት። የድሮውን ቨርዥን አጥፋ የሚለው ግን ምልክት ካለበት ይነሳለት፤ ሁለቱ ቨርዥኖች ጎን ለጎን ያለ ችግር ይኖራሉ። መብራት መሃል ላይ ሄዶ ጭነቱ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ የሌለው ሰው ቢያንስ አሮጌውን ሳይነካ ይጀምር።

አዲሱ ሲከፈት እጅ የለመደው ነገር ይቀየራል። ከ2019ኙ ቨርዥን ወዲህ ፎቶ በፍሪ ትራንስፎርም (በመጠን መቀየሪያው) ሲጎተት ሺፍት ሳይጫን ነው የቁመትና የስፋት ምጣኔውን የሚጠብቀው። የሲኤስ 6 ልምድ ያለው ሰው ሺፍት ጭኖ ሲጎትት ፊት ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ በጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ ጥቂት መጥበብ ለዓይን ሳያስታውቅ ያልፋል። ፕሪፈረንስ፣ ጀነራል ውስጥ «ሊጋሲ ፍሪ ትራንስፎርም» የሚለው ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሌየር ያለው ፋይል ላይ «ሴቭ አዝ» ሲባል ጄፔግ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ «ሴቭ ኤ ኮፒ» ውስጥ ነው ያለው። ይህም ፋይል ሃንድሊንግ በሚለው ሥር በ«ሊጋሲ ሴቭ አዝ» ይመለሳል። ቨርዥኑ ጄፔግ አያወጣም ብለው መልሰው ያስነቀሉ ሰዎች አሉ፤ ለዚህ አንድ ምልክት በቂ ነበር።

ህትመቱ ቀይ ቀይ ካለ የቀለም አያያዙን ተመልከቱ። አዲስ ጭነት የህትመት ምርጫውን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ፎቶሾፕም የፕሪንተሩ ድራይቨርም በአንድ ጊዜ ቀለም ካስተካከሉ ፊት ይቀላል። ከሁለት አንዱ ብቻ ይሥራ፤ ለወረቀቱና ለፕሪንተሩ የተሠራ ፕሮፋይል (ቀለሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል) ካላችሁ ፎቶሾፕ ይሥራና ድራይቨሩ ይዘጋ፤ ከሌላችሁ ለፕሪንተሩ ተዉለት። በከለር ሴቲንግስ ውስጥም የሥራው ቀለም ኤስአርጂቢ መሆኑን አረጋግጡ።

ፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ የሆነው የአዶቢ ላይትሩም ክላሲክ ከፎቶሾፕ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ትልቁ ቨርዥን በተቀየረ ቁጥር ካታሎጉን ላሳድግ ወይ ይላል። እሺ ሲባል የድሮውን ትቶ አዲስ ካታሎግ ይፈጥራል። አዲሱን ካታሎግ የድሮው ላይትሩም በምንም መንገድ አይከፍተውም፤ ከማሳደጉ በኋላ የተሠራው ሥራም በድሮው ካታሎግ ውስጥ የለም። ሦስት ሳምንት አዲሱ ላይ ሠርቶ ወደ ድሮው የተመለሰ ሰው የሦስት ሳምንቱን ያጣል ማለት ነው። ይህን የሚያቀለው ኤክስኤምፒ ነው። በላይብረሪ ውስጥ የጂ ቁልፍን ተጭኖ ፎቶዎቹን በኮንትሮል ኤ መርጦ ኮንትሮል ኤስ ሲጫን፣ የተደረገው ማስተካከያ ከእያንዳንዱ ሮው ፎቶ አጠገብ በትንሽ ፋይል ይጻፋል፤ ጄፔግና ዲኤንጂ ከሆነ እዚያው ውስጥ ይገባል። ኮከብና የቀለም ምልክት አብረው ይሄዳሉ። ኮሌክሽን (በላይትሩም ውስጥ የተሰበሰበ የፎቶ ስብስብ) እና ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉ ሳይባዛ የሚሠራ ቅጂ) ግን አይጻፉም። ስለዚህ ሙሽሮች የመረጧቸውን ፎቶዎች በኮሌክሽን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ከመዛወሩ በፊት ሁሉንም መርጦ 5 ኮከብ ይስጣቸውና ኮንትሮል ኤስ ይጫን፤ በሌላ ቨርዥን ላይ በኮከብ ለይቶ ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቨርዥን 11 የመጡትን አዲሶቹን ማስኮች (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማስተካከያዎች) ግን ከዚያ በፊት ያለው ላይትሩም ኤክስኤምፒውን ቢያነብም አያሳያቸውም።

አንድ ነገር በአጽንዖት፦ ላይትሩም ሲዘጋ የሚያወጣው ባክአፕ ካታሎጉን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፎቶ አንድም የለበትም። «ባክአፕ አለኝ» ብለው ዲ ድራይቭን ጭምር ያስጠረጉ ሰዎች አሉ፤ ይህን ማንም ሊመልስላቸው አይችልም። ከፎርማት በኋላ ፎቶዎቹ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ቃለ አጋኖ ቢታይ ግን አትደንግጡ። የድራይቩ ፊደል ከዲ ወደ ኢ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉን በዲስክ ማኔጅመንት መመለስ ወይም ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ፈልጎ ማሳየት ይበቃል።

ወደ ኋላ መመለስ የፈለገ የክሪኤቲቭ ክላውድ ተጠቃሚ ከሶፍትዌሩ ስም አጠገብ ካሉት ሦስት ነጥቦች «አዘር ቨርዥንስ» የሚለውን ይክፈት፤ የሚገኘው የአሁኑና ከእሱ በፊት ያለው ትልቅ ቨርዥን ነው። አሮጌው ፎቶሾፕ በአዲሱ የተሠራ ፋይል ሲከፍት የማያውቀው መረጃ እንዳለ ይናገራል። ሌየሩ ይቆይ ካላችሁ የማያውቀውን ጥሎ ይከፍተዋል፣ መልኩም ሊቀየር ይችላል፤ ፍላተን (ሌየሩን ወደ አንድ አዋህድ) ካላችሁ መልኩ ይጠበቃል ሌየሩ ግን ይሄዳል። ስለዚህ በዋናው ፋይል ላይ አታስቀምጡ።

ስለ ክራክም፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ ስለተሰበረ ሶፍትዌር፣ ሳልናገር አላልፍም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ኪራይ በብር ሲሰላ መክበዱን አውቃለሁ። ሆኖም ክራክ ሲጫን አንቲቫይረስ ይዘጋል፣ ለማይታወቅ ፕሮግራምም ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ስቶፕ ዲጄቩ የተባለው ቫይረስ በዋናነት የተሰራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራኮች ነው። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሞተ ሰው ፎቶ ያለበትን ዲስክ ለዚህ ማጋለጥ ደንበኛን መበደል ነው። ኪራይ የማይችል ፎቶ ቤት ነፃ የሆነውን ጊምፕ ይሞክር፤ 3.0 ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ወጥቷል። ለሮው ፎቶ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ አሉ፣ እነሱም ነፃ ናቸው። የፎቶሾፕ አክሽን ጊምፕ ላይ ስለማይሠራ የመልመጃ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጾም ነው እንጂ ሠርግ በሚደራረብበት ጥር ወይም ምርቃት በሚበዛበት ሰኔና ሐምሌ አይደለም። ከጫናችሁ በኋላ አንድ እውነተኛ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳልፉበት፦ አንድ የቆየ የአማርኛ ካርድ፣ አንድ ሮው ፎቶ፣ አንድ ገጽ ጉርድ። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ በኢንች 300 ፒክስል ጥራት 354 በ472 ፒክስል ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ላይ 9 ይገባል። አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት። 3 መሆን የነበረበት 3.1 ከሆነ በህትመት መስኮቱ ላይ «ስኬል ቱ ፊት ሚዲያ» ምልክት ተደርጎበት ወይም ድራይቨሩ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር እያሰፋው ነው። ይህ ተስተካክሎ፣ ካርዱ መስመሩን ጠብቆ፣ ካታሎጉ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አሮጌው ቨርዥን ከኮምፒውተሩ ላይ አይነቀል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፎቶ ቅንብር ባለሙያ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ