ባዶ ካርቶን ላኩልን፣ የተሰራ ሞዴል ግን እንዳትልኩ (ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች)

ጤና ይስጥልን ውድ ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ልጆቹ ከሴሚስተር እረፍት በሰላም ተመልሰዋል እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም፣ ተረጋጉ። ስለ ባዶ ካርቶን ነው።

በዚህ ሴሚስተር የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በሒሳብና በአርት ክፍለ ጊዜ ባሕር ዳርን በትንሹ ሊሰሩ ነው፣ ድልድዩን፣ ባጃጁን፣ ታንኳውን፣ የሚማሩበትን ክፍል፣ ጣናን ራሱን፣ ሁሉንም በስኬል። ዕቃው በሙሉ ከቤታችሁ የሚወጣ ማሸጊያ ነው፣ የብስኩት ፓኮ፣ የጫማ ካርቶን፣ የክብሪት ሳጥን፣ ሃይላንድ፣ ቆርኪ ምናምን። ከስቴሽነሪ የሚገዛ ነገር የለም፣ "ቲቸር ግዙ ብሎናል" የሚል ልጅ ካለ እኔን ጠይቁኝ።

ለምን እንዲህ እንዳልን በግልፅ ልንገራችሁ። "ሞዴል ሰርታችሁ ኑ" ተብለው ልጆቹ ይዘውት ከሚመጡት ስራ አንዳንዱን ስታዩት ያስደነግጣል፣ ፎሙ እንደ ምላጭ ተቆርጦ፣ መስኮቱ ላይ መብራት ሁሉ ገብቶለት፣ ልጁን ግን "ይሄ ግድግዳ በእውኑ ስንት ሜትር ነው?" ስትሉት እናቱን ያያል። ለተማሪ በክፍያ የሚሰሩ እንዳሉ እናውቃለን፣ እንጀራቸው ነው አልፈርድባቸውም፣ ግን ማርኩን ለማን እንስጠው? ከጎኑ ደግሞ ሌላው ልጅ የጫማ ካርቶን በራሱ እጅ ቆርጦ ትንሽ ያዘነበለች ቤት ይዞ ይመጣና ያንን ሲያይ የራሱን ከዴስክ ስር ይደብቃል። ስለዚህ ዘንድሮ ስራው እዚሁ ግቢ ውስጥ ይጀመራል እዚሁ ያልቃል፣ ወደ ቤት አይወጣም። ከእናንተ የምንፈልገው ባዶውን ማሸጊያ ብቻ ነው።

ማርኩም በማማር አይደለም። ግማሹ ለልኬቱ ነው። ልጁ መጀመሪያ በሜትር ይለካል፣ ከዚያ ያካፍላል፣ ከዚያ በማስመሪያ ይስላል፣ መቁረጥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለምሳሌ 8 በ7 ሜትር የሆነ ክፍል በ1፡50 (የእውኑ 50 ሴንቲ ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሆኖ ማለት ነው) ሲሰራ 16 በ14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ደግሞ 3.4 ሴንቲ ነው፣ በሩ ከሰውየው ካጠረ ልጁ ያካፈለው ተሳስቷል ማለት ነው፣ መምህሩ ሳይነግረው ራሱ ያየዋል። ባጃጅ በጣም የምወዳት ምሳሌ ናት፣ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ60 ገደማ፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ30፣ ከፍታዋ 1 ሜትር ከ70 ስለሆነ በ1፡50 ወደ 5 ሴንቲ በ2.6 በ3.4 ትመጣለች፣ ሁለት የክብሪት ሳጥን በጎናቸው አቁማችሁ ብታጣብቁ ቁጭ ናት ማለት ይቻላል፣ ወርዷ ብቻ ትንሽ ይሰፋል። እቤት ክብሪት ካለ ለኩት።

ድልድዩ ላይ ግን ያው 1፡50 አይሰራም፣ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ጋ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት 43 ሜትር ስፋት አለው፣ በ1፡50 ልስራው ያለ ልጅ 7 ሜትር ከ60 ድልድይ ሊሰራ ነው፣ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶት መምህሩ በየት ሊገባ ነው? በ1፡500 ሲሆን ግን 76 ሴንቲ በ8.6 ሴንቲ ይሆናል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ባጃጇ ግን የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ስኬል መምረጥ ማለት ምን እንደምታሳይና ምን እንደምትተው መወሰን ነው፣ ይሄን ልጆቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሬሾ ሲማሩ አይታያቸውም።

ጣና ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሐይቁ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው በ1፡100,000 ሰሩት እንበል፣ 84 በ66 ሴንቲ ይሆናል፣ ጥሩ። ጥልቀቱስ? በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ በዚሁ ስኬል 0.15 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ወረቀት ተኩል ማለት ነው። ያ የምናየው ሁሉ ውሃ እንዲህ ስስ ነው። ስለዚህ የታቹን ለማሳየት ልጆቹ ለጥልቀት ብቻ ሌላ ስኬል ይጠቀማሉ፣ 1፡1,000፣ ያን ጊዜ 15 ሜትሩ 1.5 ሴንቲ ይሆናል፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ካርቶን ሶስት ድርብ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ድርብ 5 ሜትር ጥልቀት። ሁለት ስኬል መጠቀማቸውን ሞዴሉ ላይ ካልጻፉ ማርክ ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ካልተጻፈበት ሰው ጣናን ገደል አድርጎ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ዕቃው። ስስ ካርቶን፣ የሻይ፣ የብስኩት፣ የሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ በጣም ይፈለጋል፣ ግድግዳው ሁሉ በሱ ነው የሚሰራው። አትጨፍልቁት፣ ስፌቱን ፈታችሁ ዘርግታችሁ ላኩት። ቀለም የተቀባው የሚያብለጨልጨው ፊት ኮላ አይዝም፣ ስለዚህ ግራጫው ወደ ውጭ ይዞራል ወይ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ቀጥ ብሎ እንዲታጠፍ ደግሞ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ በማስመሪያ ይሰመርበታል፣ ያለቀ እስክሪብቶም አትጣሉ ማለት ነው።

ወፍራሙ ካርቶን፣ መሃሉ ሞገድ ያለው፣ አንዱ ፊቱ ትንሽ ረጠብ ተደርጎ ሲላጥ የቆርቆሮ ክዳን ይመስላል፣ ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ይደሰታሉ። ግን የቴሌቪዥን ካርቶን ሞገዱ በጣም ሰፊ ነው፣ የቆርቆሮ አንዱ ሞገድ በእውኑ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ስለሆነ በ1፡50 አንድ ሚሊ ተኩል ነው መሆን ያለበት፣ ስለዚህ ሞገዱ ደቀቅ ያለ፣ የፒዛ ካርቶን አይነት፣ ካገኛችሁ ቅድሚያ እሱን። ፒዛ ግዙ ማለቴ አይደለም።

የእንቁላል ትሪ (የወረቀቱን) ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ከዱቄት ማጣበቂያ ጋር ስናቦካው ድንጋይና ደሴት ይወጣዋል። የሸሚዝና የኬክ ማሸጊያ ላይ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ መስኮት ይሆናል፣ የሶፍት መሃል ያለው ካርቶን የድልድይ ምሶሶ። ለታንኳው ደግሞ ስስ ወረቀት እንደ ደንገል እየተጠቀለለ በክር ይታሰራል፣ ታንኳውን ግን ቀድመው ሐይቅ ዳር ሄደው መለካት አለባቸው፣ ባለቤቱን አስፈቅደው። ጾሙ ስለሚገባ የወተት ላስቲክና የእንቁላል ትሪ እንደሚያንስ አውቃለሁ፣ የፓስታና የድልህ ማሸጊያ ይተካዋል፣ ግድ የለም። ቆርኪው ከየት እንደመጣም አንጠይቅም።

ምግብ የነካው ሁሉ ታጥቦ ደርቆ ይምጣ፣ አለዚያ ጉንዳን ነው የምናስተምረው።

የማንቀበላቸው አሉ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ አትደራደሩኝ። የመድኃኒት ካርቶን ይቻላል ግን ውስጡ አንድም ፍሬ ኪኒን እንዳይቀር፣ መርፌ በፍጹም። የተባይና የአረም መድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን አይገባም። የሲሚንቶ ከረጢት፣ የቀለም ጣሳ፣ የሞተ ባትሪ አይሆንም። የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳኑ እጅ ይቆርጣልና እሱም ይቅር። ነጩን ፎም በተመለከተ መምህራኑ ተከራክረውብኝ ነበር፣ ቀላል ነው ይቆረጣል ብለው፣ እኔ ግን እምቢ ብያለሁ፣ ሲቆረጥ ፍርፋሪው በንፋስ ይበናል፣ ንፋሱ ደግሞ ከዚህ የሚወስደው ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በዚያ ላይ ሱፐር ግሉም የሚነፋ ቀለምም ያቀልጠዋል። የምንጠቀመው ነጩን የእንጨት ኮላ ነው፣ እሱን ትምህርት ቤቱ ያቀርባል።

ከተር በልጅ ቦርሳ እንዳይገባ። ከተር የሚይዘው መምህሩ ነው፣ ልጆቹ በመቀስ ነው የሚሰሩት።

ርክክቡ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ነው፣ በማዳበሪያ ወይ በፌስታል አድርጋችሁ የልጁን ስም ሳትጽፉ ለጥበቃው ስጡት፣ ስም የማንጽፈው ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ሁሉም ልጅ ከአንድ ክምር እንዲያነሳ ነው። አንድ ከረጢት ያመጣና ምንም ያላመጣ እኩል ይሰራሉ።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ከእናንተ መሃል አናጺ፣ ብረት በያጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀያሽ፣ ግንበኛ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሶስት እስከ አምስት ሰዓት ብቅ ብላችሁ እናንተ በስራ ላይ እንዴት እንደምትለኩ ብታሳዩልን ደስ ይለናል፣ ሜትራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ማሳየት ብቻ ነው ታዲያ፣ ኮላው ጋ እንዳትደርሱ። የምትመጡ ቢሮ ስልክ ደውላችሁ ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፣ ሻይ እንድናፈላ ቁጥሩን ማወቅ አለብን።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ