የታሪክ ክበብ፦ ዓመቱን ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር

ክበባችን ዓመቱን በ41 አባላት ጀምሮ በ26 ጨርሷል። የወጡት ወደ ስፖርትና ወደ ሚኒ ሚዲያ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስበናል፤ ሁለት ጊዜ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ጽሑፍ አቅርበናል። ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ድራማ መብራት ጠፍቶ ቀርቷል።

«የታሪክ ክበብ ተረት ማውሪያ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ያሉት ሰዎች አንድ ረቡዕ መጥተው ቢያዩን ደስ ይለኛል። የዘንድሮው ርዕሳችን አፄ ዘርዓ ያዕቆብና መኳንንቱ ነበር። ንጉሡ የንጉሥ ዘሮች ይታሰሩበት ከነበረው ከግሸን አምባ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1434 ነገሡ። መኳንንቱን ስላላመኑ አማቻቸውን ሳይቀር ከብሕትወደድነት፣ ከንጉሡ ቀጥሎ ካለው ከፍተኛ ሹመት፣ ሽረው አጋዙ፤ ሹመቱንና ብዙ ግዛቶችን ለገዛ ሴት ልጆቻቸው ሰጡ። ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ መንፈቅ ሙሉ ተከራከረ። ግማሹ «የከዱትን ሰው እንዴት መልሶ ይመን?» አለ፤ ግማሹ «አገር በአንድ ቤት ልጆች አይያዝም» አለ።

ሚያዝያ ላይ በቅጥቅጥ ደብረ ብርሃን ሄድን። ወደዚያ የሚወስደው ልጆቻችን አውቶቡስ ሲያልፍበት በየቀኑ የሚያዩት የለገጣፎ መንገድ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ከሰንዳፋ ወዲያ አያውቁትም ነበር። ንጉሡ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የከተሙበት ቦታ ቆመን፣ ቤተ መንግሥቱ ዛሬ እንደሌለ ነገርኳቸው። ቀጥዬም በኋለኛው ዘመናቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ጣዖት አመለኩ ተብለው ተከሰው እንደተገረፉ፣ የሞቱም እንዳሉ ነገርኳቸው።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እስካሁን የተከራከርነው ስለ ንጉሡና ስለ መኳንንቱ ነው። ሴቶቹንስ፣ ሲሾሟቸው ‹ትፈልጋላችሁ ወይ?› ያላቸው ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሎቹም ዝም አሉ። ስንመለስ ግን ክርክሩ ከመኪናው ውስጥ እንደገና ተነሣ፤ ሰንዳፋ ደርሰንም አላበቃም። 20 ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ ሲወጣ አላየሁም።

የዚያን ቀን የመኪና ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ልጆች ነበሩ፤ መምህራን አዋጥተን ሸፈንን። ዓመቱን ያነበብነው ከአንድ ፎቶኮፒ በተራ ነው። ለኳስ ሜዳው መረብ የተገኘ ገንዘብ ለመጽሐፍ ለምን እንደሚጠፋ የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት (ወተመህ) ቢያስብበት እጠይቃለሁ። አሥር መጽሐፍና የአንድ ቀን መኪና ይበቃናል። መኪናው ባይገኝ እንኳ ለከርሞ በቅርባችን ያለውን የካ ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንን ለማየት አስበናል።

ያቺ ልጅ ለከርሞ የክበቡ ጸሐፊ ሆና ተመርጣለች። ድራማውንም ከንጉሡ ሴት ልጆች ወገን ሆና እንደ አዲስ እየጻፈችው ነው።