የዱቤ ደብተሩን ሳያዩ አፕ መሥራት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ደሴ ላይ ሶፍትዌር የሚገዛ የለም» የሚለው የጀማሪ ባለሙያዎች ምሬት ተደጋግሞ ይሰማል። ኮምቦልቻም ያው ነው። ገበያው ጠባብ መሆኑን አልክድም፤ ግን ብዙው አፕ የሚቀረው ገበያው ዘንድ ሳይደርስ ነው። ለሱቆች የሚሠራውን የዱቤ መመዝገቢያ ብቻ ልውሰድ።

መሳሳቻው ከጉግል ፕሌይ ይጀምራል። ከኅዳር 2016 ወዲህ በግል ስም አካውንት የከፈተ አፕ ሠሪ፣ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲይዙለት ይገደዳል (መጀመሪያ 20 ነበር)። ጀማሪዎቹ ከዶርም ጓደኞቻቸው ቁጥሩን ይሞላሉ፣ ይሁን። ግን እነዚያኑ 12 ሰዎች ተጠቃሚ ብለው ይቆጥሯቸዋል። ዱቤ ሰጥቶ የማያውቅ ተማሪ «አሪፍ ነው» ቢል ምን ይፈይዳል?

ሌላው ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ስልኩ «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ ሲያስጠነቅቀው ባለሱቁ ይተወዋል፤ እውነቱንም ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሱቆች ሠሪው ራሱ ሄዶ ይጫንላቸው። አምስቱም አንድ ዓይነት ንግድ፣ ቢቻል አንድ መንገድ ላይ ይሁኑ። ስሚንቶ በኩንታል፣ ሚስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮ በቁጥር የሚሸጥ ቤትና ልብስ ቤት በአንድ አፕ አይስማሙም። ደሴ ከሆነ ሰኞ አይኬድም፣ የገበያ ቀን ነው፤ ዓርብም በጁምዓ ሰዓት አካባቢ አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ላይ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚለመነው ደብተሩን ማየት ነው። «ሰይድ ባጃጁ፣ 2 ስሚንቶ» ይላል፣ በቃ። የአባት ስም የለም፣ ስልክ የለም። አፑ ስም፣ የአባት ስምና ስልክ ካልተሞላ አላሳልፍም ካለ የመጀመሪያው ዱቤ እዚያው ይቆማል። ሰይድን ለመለየት አንድ መጻፊያ ቦታ ይበቃል፤ ስልኩ በኋላ ይደርሳል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ጳጉሜን እንዳይረሳ። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተመዘገበ ዱቤ 8፡00 ብሎ ሲያይ ባለሱቁ ማሽኑ ተሳሳተ ነው የሚለው። ኔትወርክ ሲጠፋም አፑ መመዝገቡን መቀጠል አለበት።

የድሮውን ደብተር በሙሉ ልገልብጥ ማለት ግን ሁሉንም ያበላሻል። የየባለዕዳውን ቀሪ ብቻ በአንድ ቀን አስገብቶ፣ ደብተሩ ላይ መስመር አስምሮ፣ ከዚያ ወዲያ በስልኩ ብቻ መሄድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የያዘ ሱቅ ሥራ ሲደራበት ወደ እስክሪብቶው ይመለሳል። መዝጋቢውም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ ተቀጣሪው ወይም የባለቤቱ ልጅ ነው። ሥልጠናው ለእሱ ይሰጥ። ለባለቤቱ ማታ ማታ ስንት ዱቤ እንደወጣ፣ ስንት እንደተመለሰ የምታሳይ አንዲት ገጽ ትበቃዋለች።

ባለቤቱ አፍ አውጥቶ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ይኼ ነገር ግብር ቢሮ ይደርሳል?» መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስልኩ ቢሰረቅ እንዴት እንደሚመለስ ሳይጠየቁ መንገር ነው። መዝገቡን በኤክሴል አውጥቶ መውሰድ እንደሚችልም እዚያው ፊቱ ተሠርቶ ይታየው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አንድ ወር በነፃ፣ ከዚያ ጥቂትም ብትሆን በቴሌብር መቀበል ይሻላል። የከፈለ ሰው ሲበላሽበት ይደውላል፤ በነፃ የያዘው ዝም ብሎ ያጠፋዋል፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል።

የጀማሪ ፈጠራዎችን የምትዳኙም ስንት ሰው አወረደው ብላችሁ አትጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ስንት ሱቅ እንደመዘገበበት ጠይቁ፣ ከተቻለም አንዱን ባለሱቅ እዚያው አስደውሉ።

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ