ጮቄ ተራራ ላይ አባታችንን ፈልጋችሁ ላገኛችሁልን ወገኖቻችን

አባታችን ደኅና ናቸው። የተሰበረው ቁርጭምጭሚታቸው በጄሶ ታስሯል፤ ሳሉ እየለቀቃቸው ነው፤ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ደግሞ ስለ ገብሱ አረምና ስለ ባዝራዋ መጠየቅ ጀምረዋል። በስልክም በእግርም ስትጠይቁን ለሰነበታችሁ ሁሉ፣ ከምስጋናው በፊት መስማት የምትፈልጉት ይህን ስለሆነ አስቀደምሁት።

ይህን መልእክት የምጽፈው በእናታችን፣ በወንድሞቼና በእኅቶቼ ስም ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ስም መጥራት ከጀመርሁ የማላውቃቸው ይቀሩብኛል፤ ያን ሌሊት ደግሞ ከሁሉ በላይ የደከሙልን ስማቸውን የማላውቃቸው ናቸው።

ነገሩ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ በተለያየ መልክ ስለተወራ እንደሆነው ልናገር። በፍልሰታ ጾም፣ ከቡሄ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባታችን አስቀድሰው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ጠበል ብቻ ቀምሰው ወደ ላይ ወጡ። በክረምት ታች ያለው መሬት በዘር ስለሚያዝ ከብቱም የጋማ ከብቱም ጓሳው ላይ፣ ማለት በተራራው ሣር ላይ፣ ይከርማል። የኛ ባዝራ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበርና ሳይመሽ ላውርዳት ብለው ነው። እህል ሳይቀምሱ መውጣታቸው ኋላ ብርዱን አበረታባቸው።

ጮቄን ከሩቅ ብቻ ለምታዩ ወገኖች፦ ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ማርቆስ ላይ ጋቢ ያስደረበ የነሐሴ ብርድ እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ በዚያ ላይ ዝናብና ነፋስ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጉም ወረደ፣ በረዶ ተከተለ። አባታችን አንዲት ጅረት ሲሻገሩ የረጠበ ድንጋይ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። መነሣት አቃታቸው። ባዝራዋ ብቻዋን ቤት ደረሰች። እናታችን ችግር መኖሩን ያወቁት በእሷ ነው።

እኔ ከማርቆስ የደረስሁት ሲነጋጋ ስለሆነ፣ የሌሊቱን የምናገረው እዚያ ከነበራችሁት የሰማሁትን ነው።

የዕድራችን ለፋፊ፣ አንተን ሳላመሰግን አላልፍም። ጥሩንባ በኛ አገር የሚነፋው ለሞት ነው። እናታችን ድምፁን ሲሰሙ ጉልበታቸው ከድቷቸው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። አንተ ግን ነፍተህ ዝም አላልህም፤ ሰው ጠፋ እንጂ አልሞተም፣ ባትሪና የዝናብ ገሳ ያለው ይውጣ፣ የሌለው እንጨት ይዞ እዚህ ቤት ይምጣ እያልህ ከጎጥ ጎጥ ዞርህ። የዝናቡን ብዛት ለሚያውቅ ሰው ያ ዙረት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ሰዉ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ከማኅበር የወጣም ነበር፤ የታመመ ልጁን ለሚስቱ ትቶ የወጣም ነበር።

ፍለጋው መጀመሪያ ላይ እንደማይሆን ሆኖ ነበር ብላችሁኛል። ሁሉም በየአቅጣጫው ስማቸውን ይጣራል፤ ጥሪው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የሚመልስ ቢኖርም አይሰማም። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል በጉም ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲታይ የቆመ ሰው እየመሰላችሁ ስንት ጊዜ ሮጣችኋል። ያኔ አንድ ሽማግሌ፣ እኛ አያ የምንላቸው፣ ሰዉን ሰብስበው ሥርዓት አወጡ። ሁሉም ዝም ይበል፤ አንድ ጅራፍ ብቻ ይጩህ፤ ከዚያ መቶ እስኪቆጠር ድረስ ማንም ትንፍሽ አይበል፤ መልስ ካልተሰማ ሁሉም አንድ ላይ ወደፊት ይራመድ።

ጅራፉ የእረኞቹ ነበር። ቡሄ ሲቃረብ በየጋራው የምንሰማው ያው ጅራፍ ነው፤ ዘንድሮ ሰው አድኖበታል። የሰው ድምፅ ጉም ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ጅራፍ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። አባታችን ጉሮሯቸው ተዘግቶ መጮኽ አቅቷቸው ነበርና፣ ድምፁ ሲደርሳቸው በያዙት ዱላ ድንጋይ መደብደብ ጀመሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የተሰማው። መጀመሪያ የሰማው ከእረኞቹ ትንሹ ነው። ልጄ፣ ያንተ ጆሮ ባይኖር እኛ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ነበር። አባታችን አንተን ሳያዩ ከማርቆስ አልወጣም ሲሉ፣ ወላጆችህ ክረምት ነው ሳይሉ ይዘውህ መጡ። ለእነሱም ምስጋናችን ትልቅ ነው።

ስታገኟቸው መንቀጥቀጥ አቁመው ነበር። ይህን የተናገረችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ናት፤ እሷ እንደምትለው ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ተሻለው ማለት አይደለም፣ ባሰበት ማለት ነው። እኅቴ፣ በጨለማ በዚያ ዳገት ከወንዶቹ እኩል ወጥተሽ ያደረግሽው ሁሉ ሲነገረኝ እንባዬን መያዝ አልቻልሁም። አንዱ አረቄ ላጠጣቸው ሲል ከልክለሻል፤ አረቄ የሞቀ ያስመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያወጣል ብለሽ። ሌላው እግራቸውን ሊያሽ ሲል ከልክለሻል፤ እሳት አንድደው ሊያስጠጓቸው ሲሉም አይሆንም ብለሻል። የረጠበውን አስወልቀሽ በደረቅ ጋቢ አስጠቅልለሽ፣ ሁለት ወጣቶች ከግራና ከቀኝ ገላ ለገላ እንዲያቅፏቸው አድርገሽ፣ ማናገር ሲጀምሩ ብቻ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ በትንሽ በትንሹ ሰጥተሻል። እግራቸውንም በቀርቀሃ ደግፈሽ አሰርሽው። ማርቆስ ያየቻቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን እዚያ ላይ ማን ነበር ብላ ነው።

ቃሬዛውን በዚያ ጭቃ ያወረዳችሁ፣ እየተፈራረቃችሁ አንዴም ሳታስነኩ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ አደረሳችኋቸው። ማርቆስን ከድጓ ጽዮንና ከሞጣ የሚያገናኘው ያ መንገድ በተራራው ላይ ባያልፍ ኖሮ ምን እንሆን ነበር። ድንች ጭነህ ስታልፍ ሰው ሲያስቆምህ ጭነትህን መንገድ ዳር አራግፈህ ያሳፈርሃቸው ሾፌር፣ ስታመጣቸው የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ብለህ ሄድህ፤ ስልክህንም አልሰጠኸንም። ይህ ጽሑፍ ካገኘህ፣ አንድ ቀን ቤታችን ጎራ በል።

እናታችንን አቅፈው ያደሩትን ሴቶች፣ በጾሙ ድንች ቀቅለው ቆሎ ቆልተው ለፈላጊው ሁሉ ያበረከቱትን፣ ከዚያም በኋላ እኛ ማርቆስ ስንሰነብት ከብቱን ያገዱልንን፣ በወንፈል ገብሱን ያረሙልንን እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ልቤ ላይ የከበደውን ልናገር። ከላይኛው ቀበሌ የወጣችሁት ወጣቶች፣ ይህ ደብዳቤ ከሁሉ በፊት የእናንተ ነው። ባለፈው ግንቦት በስብሰባ ከአባታችን ጋር ክፉ እንደተነጋገራችሁ አገር ያውቀዋል። አባታችን በተፋሰስ ኮሚቴው ውስጥ አስታ የሚባለው ዛፍ ከሚበቅልበት በላይ ሞፈር አይግባ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እናንተ መሬት የላችሁም። በክልላችን ሰፊው የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጡት ይጠባ የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ በእጁ ያለው ከአባቱ ማሳ የተቆረሰች፣ ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የሌላ ነው። ወደ ላይ የገፋችሁ ይህ እንደሆነ እኔ እረዳለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ እኚህ ሰውዬ ለጅብራ ያዝናሉ፣ ለሰው ልጅ አያዝኑም ብሎ የተነሣው ወንድማችን፣ ቃሬዛውን በፊት በኩል ተሸክመው ከወረዱት አንዱ ነው። ገላ ለገላ አቅፈው ያሞቋቸው ሁለቱም የላይኛው ቀበሌ ልጆች ናቸው። ጥሩንባው እናንተ ዘንድ አልደረሰም ነበር፤ ወሬውን ከእረኞቹ ሰምታችሁ፣ የማን አባት እንደሆነ ዐውቃችሁ ነው የወጣችሁት።

አባታችን ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ መልእክት ሰጡኝ፤ እንዳሉት አደርሳለሁ። ስለ ተራራው የሚያምኑትን አልቀየሩም። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም መነሻቸው እዚያ ነው፤ ከአስታው በላይ ያለው አፈር ስስ ነውና በታረሰ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ድንጋዩ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ገብሱም ውኃውም የለም ይላሉ። ነገር ግን እስካሁን በስብሰባ ያልተናገሩትን ጨመሩ። ጓሳው ከተከለለ ሣሩ የሚሸጠው፣ ለገመድና ለቤት ክዳን የሚታጨደው፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ድርሻ ይሁን፤ እኔና መሰሎቼ ማሳ ያለን አንካፈለው ብለዋል። በመንዝ ጓሳ አባቶች ሣሩን ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው በሥርዓት ያጭዱት እንደነበር ያነሣሉ። ለዘር የሚሆን ድንችም በኛ ብርድ ጤናማ ሆኖ ስለሚበቅል፣ የዘር ድንች ማባዛቱ ለወጣቶች ማኅበር ይሰጥ ይላሉ፤ ለጅምሩም ከራሳቸው ማሳ አንዱን ጥማድ ያለ ኪራይ ለሁለት ዓመት ሊያውሱ ቃል ገብተዋል። እናታችንም ወንድሞቼም ተስማምተናል፤ በጽሑፍ በምስክር ፊት እናደርገዋለን።

ጉዳዩን በእጃችሁ የያዛችሁ ኃላፊዎችም ይህን ስሙ። በየጥሩና በየየካቲቱ እርከን ሲሠራ አካፋ ይዘው ከሁሉ ቀድመው የሚወጡት እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። ክልከላ ሲታወጅ ግን ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል፤ እንዲህ እየተባለ ዓመታት አልፈዋል። አባታችን ያተረፏት ነፍስ በእነሱ ትከሻ የወረደች ናት፤ እኔም የሚሰማኝ ባገኘሁበት ሁሉ ይህን ከመናገር አላርፍም። በሚቀጥለው ስብሰባ አባታችን በከዘራም ቢሆን ይገኛሉ፤ እኔም እመጣለሁ።

የማርቆስ ነርሶችና ሐኪሞች፣ በሁለቱም ቀበሌ ያላችሁ ካህናት፣ በጸሎት ያሰባችሁን በሙሉ፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ገንዘብ የላካችሁ የአገራችን ልጆች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ከተላከው ገንዘብ ከሕክምናው የተረፈውን ለቀበሌው ቃሬዛ፣ ደረቅ ብርድ ልብስና ባትሪ ተገዝቶ ጤና ኬላው ውስጥ እንዲቀመጥ አድርገናል። ላኪዎቹን ጠይቀን ተስማምተውበታል።

መስከረም ላይ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅተናል። የላይኛውም የታችኛውም ቀበሌ ሰው ይጠበቃል፤ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች መጥተው እንዲመርቁ ከአሁኑ ተነግሯቸዋል። ባዝራዋ በሰላም ወልዳለች፤ ውርንጭላው የትንሹ እረኛ ነው፤ ጡት ሲጥል መጥቶ ይወስዳል።

በዚያ ሌሊት የተጠቀለሉባቸው ሦስት ጋቢዎች፣ አንድ በርኖስ፣ ሁለት ባትሪና አንድ ገሳ እኛ ቤት ታጥበውና ደርቀው ተቀምጠዋል። ባለቤቶቻችሁ ለጸበሉ ስትመጡ ውሰዱ፤ መምጣት ያልቻላችሁ ለወንድሜ ላኩበት፣ እሱ ያደርስላችኋል።