ለአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ የመፈንቅለ መንግሥት መሪ በምርጫ እንዳይወዳደር የሚከለክለው አንቀጽ 25 ይከበር

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 1963 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ ነጻነቷን ካገኘች ገና ሦስት ዓመት የሆናት ቶጎ በጉባኤው አልተወከለችም። ምክንያቱ ከአራት ወራት በፊት በዋና ከተማዋ በሎሜ የተፈጸመው ግድያ ነበር። በፈረንሳይ ጦር ሲያገለግሉ ቆይተው የተሰናበቱ ወታደሮች በአገራቸው ጦር እንዲቀጠሩ ቢጠይቁ፣ ፕሬዚዳንት ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ የድኻ አገር በጀት ትልቅ ሠራዊት አይችልም ብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ወታደሮቹ ሌሊት ቤታቸውን ሰብረው ሲገቡ ኦሊምፒዮ በአጥር ተሻግረው አጠገባቸው ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ተደበቁ፤ ሲነጋጋ ግን ተይዘው እዚያው ኤምባሲው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። መሥራቾቹ ፖለቲካዊ ግድያን የሚያወግዘውን መርሕ በቻርተሩ ሦስተኛ አንቀጽ ሲያሰፍሩ የእኚህ ሰው ደም ገና አልደረቀም ነበር።

ውግዘቱ ግን አልዘለቀም። ከአድመኞቹ አንዱ የነበሩት ኛሲንግቤ ኤያዴማ በአራተኛው ዓመት፣ በዚያው በጃንዋሪ 13 ቀን፣ ሥልጣኑን ራሳቸው ይዘው 38 ዓመት ገዙ። ድርጅቱ ሕገ መንግሥታዊ ያልሆነ የመንግሥት ለውጥን የሚቃወመውን መግለጫ በ2000 ያወጣውም እዚያው ሎሜ፣ በእሳቸው አስተናጋጅነት ነው፤ ይህ ለእኔ ከመፈንቅለ መንግሥቱ እኩል የሚያሳዝን ነው። በ2005 ሲሞቱ ጦሩ ልጃቸውን ፎርን በቦታቸው አስቀመጠ፤ ኅብረቱና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ባደረጉት ግፊት ምርጫ ቢካሄድም ያሸነፉት ፎር ራሳቸው ናቸው ተባለ።

በ2007 የጸደቀው የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር አንቀጽ 25፣ ሥልጣን በኃይል የያዘ ሰው ሕጋዊውን ሥርዓት ለመመለስ በሚደረገው ምርጫ እንዳይወዳደር በግልጽ ይከለክላል። ሆኖም በጋቦን በኦገስት 2023 መንግሥት የገለበጡት ጄኔራል ብሪስ ኦሊጊ ንጌማ በኤፕሪል 2025 ተወዳድረው ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ምክር ቤታችሁም ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በጋቦን አባልነት ላይ የጣለውን እገዳ ብዙም ሳይቆይ አነሣ። የቀድሞው ገዥ ቤተሰብ ከ50 ዓመት በላይ በሥልጣን መቆየቱ ሕዝቡን እንዳስመረረ አውቃለሁ፤ ምሬቱ እውነተኛ መሆኑ ግን ድንጋጌውን አይሽረውም። ቀጥሎ የሚያሤረው መኮንን የሚያሰላው እገዳው ስንት ወር እንደሚቆይ ብቻ ከሆነ፣ እገዳው ማንንም አያስፈራም።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ማንኛውንም እገዳ ከማንሣቱ በፊት የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ በዕጩነት አለመቅረቡን እንዲያረጋግጥ፣ ይህን ካላደረገም ምክንያቱን ለአፍሪካ ሕዝብ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ