ጦስኙ ላይ የጻፍነውን ባህር ዛፉ ላይ ለምን አልጻፍነውም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ሱቅ ብቅ የሚለውም በስልክ የሚያዘውም ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳብናል። የጦስኝ ዘይታችን ጠርሙስ ላይ «አንቲኦክሲዳንት»፣ ማለትም በኦክስጅን መበላሸትን የሚከላከል፣ የሚል ቃል አለ። የባህር ዛፉና የሎሚ ሳሩ ላይ ግን የለም። «እነሱስ ከቅጠል አይደል እንዴ የወጡት?» ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ከቅጠል ነው። ልዩነቱ ከየቅጠሉ የሚወጣው ነገር ላይ ነው።

መዓዛማ ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ሰሊጥ ዘይት ቅባት አይደለም። ቅጠሉ በእንፋሎት ሲመታ አብረው የሚተንኑ ውህዶች ስብስብ ነው። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አንዷ ጠብታ ውስጥ ብዙ ዓይነት ውህድ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ጠባዩን የሚወስኑት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። በነጭ ባህር ዛፍ ዘይት ውስጥ የሚያይለው ሲኒዮል ነው። በሎሚ ሳር ውስጥ ሲትራል ነው፤ ያ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ከእሱ ነው የሚመጣው። ከባሌ ደጋ በምናስመጣው ጦስኝ ውስጥ ደግሞ ካርቫክሮልና ታይሞል ያይላሉ።

ሁለቱም ፌኖል ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅባት ቆይቶ የሚበላሸው በአብዛኛው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ነው። ኤሌክትሮን የጎደለው ሞለኪውል፣ ፍሪ ራዲካል የሚሉት፣ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው ደግሞ ከቀጣዩ ይነጥቃል። ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው እንደሚከፍል ሰው፣ ዕዳው ይዞራል እንጂ አያልቅም። ፌኖል ሃይድሮጅኑን ሰጥቶ እሱ ራሱ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። ከማንም አይነጥቅም፤ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል። ቅቤ ሲነጠር ጦስኝ የሚጨመረው ለሽታው ብቻ ሳይሆን ቶሎ እንዳይበላሽም ነው የሚሉ እናቶች አሉ። ኬሚስትሪው ከእነሱ ጋር ነው።

ሲኒዮል እንዲህ በቀላሉ የሚሰጠው ሃይድሮጅን የለውም። ስለዚህ የባህር ዛፍ ዘይት በዚህ ፈተና ደካማ ነው። ለጉንፋን ስትታጠኑት አፍንጫ የሚከፍትላችሁ ግን ያው ሲኒዮል ነው። ሁሉም በየሙያው።

ፈተናው ምንድን ነው? በጣም የተለመደው ከ1958 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሪ ራዲካል አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ዘይቱ ሲጨመርበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ከሄደ ዘይቱ ሠርቷል ማለት ነው። ቆንጆ ፈተና ነው። የሚነግረን ግን ብልቃጡ ውስጥ የሆነውን ብቻ ነው። እርጅናን ያቆማል፣ ካንሰር ይከላከላል እያሉ በዚህ ውጤት ብቻ የሚሸጡ አሉ፤ እኛ ከእነሱ መሃል አንገባም።

የጥብስ ቅጠል ዘይትስ? ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። ቅጠሉ በአንቲኦክሲዳንትነት ስመ ጥር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከእሱ የሚወጣው ጭማቂ ኢ392 በሚል ቁጥር ምግብ እንዳይበላሽ ይጨመራል። ነገር ግን ዋናው ሠራተኛ፣ ካርኖሲክ አሲድ፣ በእንፋሎት አይተንም። እኛ ዘይቱን ስናወጣ እሱ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ለጥብስ የምትፈልጉት ከሆነ ቅጠሉን ግዙ፤ ዋጋውም ይረክሳል።

ሌላው ቅሬታ ደግሞ ይህ ነው፤ «የአሁኑ ጦስኝ ሽታው ካምናው ይለያል»። ሊለይ ይችላል። አንዱ ጦስኝ በካርቫክሮል፣ ሌላው በታይሞል ሊያይል ይችላል። የበቀለበት ቦታና የታጨደበት ወቅትም ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ በየምርቱ ዙር በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የዘይቱን ውህዶች አንድ በአንድ ለይቶ በሚለካ ዘዴ፣ የተለካውን ይዘት የሚያሳይ ወረቀት ከጠርሙሱ ጋር እንልካለን። ከሌላ ሱቅም ስትገዙ ይህን ወረቀት ጠይቁ።

አቀማመጡን አደራ። ዘይቱ ራሱ በኦክስጅን ይበላሻል። በተለይ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው፤ አየር ሲያገኘው ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር ይፈጥራል። ክዳኑን ግጥም አድርጉ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቁ፣ የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ሽታው ከተለወጠ ለቆዳ አትጠቀሙበት።

ሳሙናና ቅባት የምትሠሩ ደንበኞቻችን፣ የጦስኝ ዘይት ያቃጥላል። ቆዳ ላይ ለሚቆይ ነገር ከ1 በመቶ አታሳልፉት፤ 100 ሚሊ ሊትር ቅባት ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ማንኛውንም ዘይታችንን አትጠጡ። የባህር ዛፉን በተለይ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ትንሹም ቢዋጥ ሕፃን ይመርዛል።

የቀድሞው ዙር ጠርሙስ በእጃችሁ ካለ፣ ከታች የታተመውን ቁጥር በስልክ ንገሩን፤ ወረቀቱን እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘይት ማውጫው ባልደረቦች